ዓይን አፋር ነው ወይስ ጭምት?

አርብ ከሰዓት ነው። አዳማ፣ እናቴ ቤት። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ስላለን ረከቦቱን በረንዳ ላይ አውጥተን ቡና እየጠጣን ነው። ጎረቤታችን አንዲት የማናውቃት ሴት ይዛ መጣች። እንግዳዋ አቦሉን ጠጥታ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ኑሮ ውድነቱ ትንሽ ካወራች በኋላ የመጣችበትን ጉዳይ አነሳች። ለእህቷ ልጅ ሽማግሌ ተልኳል። የላከው የእኛ ሰፈር ልጅ ነው። «ለመሆኑ ጠባዩ እንዴት ነው?» አለች።

እናቴ አላመነታችም። «ጭምት ልጅ ነው።»

ጎረቤታችን ሲኒዋን አስቀመጠች። «ኧረ እትዬ፣ እሱ እንኳን ዓይን አፋር ነው። ጭምትስ አባቱ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

እንግዳዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ጎረቤታችንን አየች። «ይኼ ታዲያ ልዩነት አለው?»

አለው። ያን ዕለት ግን ማናችንም በቅጡ ማስረዳት አልቻልንም። እናቴ «ያው ጨዋ ነው ማለቴ ነው» አለች። ጎረቤታችን «ሰው ፊት አይናገርም ማለቴ ነው» አለች። ሁለት የነበሩት ቃላት አራት ሆኑና ቡናው አለቀ። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼም ነገሩን ማሰላሰሌን አልተውኩም። በልጅነቴ በሁለቱም ስም ተጠርቻለሁ። አንዱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላው ያመኝ ነበር።

ከዓይን አፋር እንጀምር።

«አፋር» የመጣው «አፈረ» ከሚለው ግስ ነው፤ የሚያፍር ማለት ነው። ብቻውን ግን ለዚህ ትርጉም አይውልም። «እሱ አፋር ነው» ብንል ሰሚው የሚያስበው የአፋርን ሕዝብ ነው። ስለዚህ ቃሉ «ዓይን» የሚል ደጋፊ ይፈልጋል። ዓይኑ የሚያፍር፣ ሰው ሲያየው ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ። አንዳንዱ «ዓይነ አፋር» ብሎ ይጽፈዋል፤ ይህ በግዕዙ ወግ የተናበበ ነው፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ እንደ ልበ ሙሉ፣ እንደ አንደበተ ርቱዕ። ስንናገረው ደግሞ ሁለቱ ቃላት ይዋሃዱና «ዓይናፋር» ይሆናል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሲበዙ «ዓይን አፋሮች»፣ ጠባዩ ሲጠራ «ዓይን አፋርነት»።

እኔን የሚገርመኝ ዓይን መመረጡ ነው። አማርኛ ሀፍረትን ያስቀመጠው ዓይን ውስጥ ነው። የማያፍረውን ሰው ስንሰድበው ምን እንላለን? ዓይን አውጣ። ዓይነ ደረቅ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። ሁሉም ዓይን ላይ ነው የሚያርፉት። ዘፍጥረትንም ለሚያነብ ሰው ነገሩ እዚያው አለ። አዳምና ሚስቱ ዕራቁታቸውን ሳሉ «አይተፋፈሩም ነበር» ይላል፤ ፍሬውን ከበሉ በኋላ ደግሞ «የሁለቱም ዓይኖች ተከፈቱ» ይላል። ሀፍረት የመጣው ዓይን ሲከፈት ነው። «አይተፋፈሩም» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። አንዱ በሌላው ፊት ነው የሚያፍረው። ማንም በማያየው ቦታ፣ ብቻውን በተቀመጠበት፣ ዓይን አፋር የሚባል ሰው የለም።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር አለ፤ ብዙ ልጅ የጎዳ ነው። ማፈርን ከመፍራት ጋር እንቀላቅላለን። ድምፃቸው በጣም ይቀራረባል። ለሴት ልጅ «አትፍሪ» ስንል ፍርሃትን ነው፤ «አትፈሪ» ስንል ሀፍረትን ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ድምፅ ናት። ይፈራል፣ ያፍራል። የሚፈራ ሰው ጉዳት ይመጣብኛል ብሎ ነው። የሚያፍር ሰው ጉዳት አይጠብቅም፤ መታየቱ ነው የከበደው። ውሻ የማይፈራ፣ ጨለማ የማይፈራ፣ ግን መድረክ ላይ ስሙን ሲጠሩት እግሩ የሚተሳሰር ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ያን ሰው «ፈሪ» ማለት ቃሉንም ሰውየውንም መበደል ነው።

ሰውነትም በሀፍረት ጊዜ ባለቤቱን አያማክርም። አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ውስጥ ይለቀቃል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የፊት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ፊት ይግላል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ድምፅ ይቆረጣል። ይህን ማንም አስቦበት አያደርገውም፤ «ተው» ስላሉትም አይቆምም። እንዲያውም «ፊትህ እኮ ቀላ!» ሲባል ይብስበታል፤ የሚያየው ዓይን ጨመረበታ።

የእህቴ ልጅ ቤት ውስጥ ወሬዋ አያልቅም። የአያቷን አነጋገር፣ የጎረቤቱን አሳሳል፣ የመምህሯን አረማመድ እያስመሰለች በሳቅ ትገድለናለች። ታክሲ ውስጥ ግን «ወራጅ አለ» ማለት አትችልም ነበር። ሁለት ቃል። አንድ ቀን ፍራንኮ መውረድ ሲገባት ሌላ ሰው «ወራጅ» እስኪል እየጠበቀች አለፈች፤ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በእግሯ ተመለሰች። ለምን እንደዘገየች ስንጠይቃት እሱንም አፈረች። ዓይን አፋርነት ይህ ነው። ጠባይ ብለን በጅምላ ከምንጠራው ይልቅ በሰዎች መሃል የሚደርስባት ነገር ብንለው ይሻላል።

አሁን ወደ ጭምት እንሂድ።

ጭምት እንደ ክፍት፣ እንደ ድብቅ ያለ ቃል ነው። ክፍት ከ«ከፈተ»፣ ድብቅ ከ«ደበቀ» እንደመጣ ጭምትም ከ«ጨመተ» ነው የመጣው። ግሱን ዛሬ ብዙም አንሰማውም፤ ቅጽሉ ግን በሕይወት አለ። ጭምት ማለት ራሱን የሰበሰበ፣ አንደበቱን የያዘ፣ በሰው ነገር ዘው የማይል፣ ምሥጢር ቢነግሩት የሚያድርለት ሰው ነው።

ጎረቤታችን የጠቀሰቻቸው የልጁ አባት እንዲህ ነበሩ። ሰፈራችን ውስጥ ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሁለቱን ወገን እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር። ሌላው ሽማግሌ ሁሉ ከተናገረ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ሲያዩህ ዓይንህን እያዩ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን የሚሰብሩበት ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው ግን እሳቸው ፊት ዓይኑን ይሰብር ነበር።

ስለዚህ አባትና ልጅ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የአባትየው ዝምታ ከራሳቸው የወጣ ነበር፤ መናገር እየቻሉ ያቆዩት ቃል ነው። የልጁ ዝምታ ግን መናገር እየፈለገ የቀረበት ቃል ነው።

የትኛው እንደሆነ የሚለዩበት ቀላል መንገድ ቦታ መቀየር ነው። ዓይን አፋር ሰው ቦታ ሲቀየር ይቀየራል። ከወንድሞቹ ጋር ሲሆን ይጫወታል፣ ይከራከራል፣ ይዘፍናል፤ የማያውቀው ሰው ሲገባ ይዘጋል። ጭምት ሰው ቤቱም ጭምት ነው፣ ሰርግ ቤትም ጭምት ነው፣ ሥራ ቦታም ጭምት ነው። ቋንቋው ራሱ ይህን ያውቃል። «እንግዳ ሲመጣ ዓይን አፋር ትሆናለች» ብንል ጆሮ ይቀበለዋል። «እንግዳ ሲመጣ ጭምት ትሆናለች» ብንል ግን ልጅቷ የምታስመስል ይመስላል።

ሌላም መለያ አለ። «እኔ ዓይን አፋር ነኝ» ብሎ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። «እኔ ጭምት ነኝ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ጭምት ሌላው ሰው የሚሰጥህ ስም ነው። ራስህ ከጠራኸው ያን ጊዜውኑ ጭምት መሆንህ ያጠራጥራል። ትሑትም እንዲሁ ነው። ዓይን አፋርነትን ግን ሰው እንደ ሕመሙ ነው የሚናገረው፤ ያውቀዋል፣ ይዞት ይኖራል፣ አንዳንዴም መላ ይለምናል። «ዓይን አፋርነትህን አስወግድ» የሚል መካሪ ሞልቷል፤ «ጭምትነትህን አስወግድ» የሚል የለም።

ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ። ኳስ የሚወዱ ወንድሞቼ ንጎሎ ካንቴን «ጭምቱ» ይሉታል፤ የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም ይህን ቃል ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ይወዱታል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሩሲያ ላይ ፈረንሳይ ክሮኤሺያን 4 ለ 2 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ ካንቴ ዋንጫውን ስጡኝ ለማለት አፍሮ፣ ሌላው ተጫዋች ስቲቨን ንዞንዚ «ለእሱም ስጡት» ብሎ እንዳስያዘው በሰፊው ተወርቷል። ያ ዓይን አፋርነት ነው። ሜዳ ውስጥ ደግሞ ማንንም አያፍርም፤ የማንንም ኳስ ይቀማል። እንግዲህ ዓይን አፋር ሰው ደካማ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

በእነዚህ ሁለት ቃላት ዙሪያ ዘመዶቻቸው አሉ። አንዳንዶቹን ቶሎ ልለፍ። ዝምተኛ የድምፁን ማነስ ብቻ ይናገራል፤ ምክንያቱን አይነግርህም። ቁጥብ «ቆጠበ» ከሚለው የመጣ ስለሆነ ንግግርን እንደ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነው። ሽቁጥቁጥ የሚባለው ደግሞ ከልክ በላይ ራሱን የሚያሳንስና የሚለማመጥ ነው፤ አክብሮት የለበትም። ጨዋ ረጅም ታሪክ ያለው ቃል ነው። በድሮ ነገሥታት ዘመን በየአገሩ የሚሰፍሩ ወታደሮች ጨዋ ይባሉ ነበር፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ያልተማረውን ሰው ጨዋ ይሉታል። ዛሬ እናቴ ስትለው መልካም አስተዳደግ ያለው ማለቷ ነው። ዓይን አፋር ያልሆነ ጨዋ ሞልቷል።

ትሑት ላይ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የግዕዙ «ታሕት» ታች ማለት ነው፤ የእኛ «ታች»ም ከዚያው ነው የመጣው። ትሑት ሰው ራሱን ዝቅ ያደረገ ነው። ዝቅ ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ ከፍታ ያስፈልጋል። ባለሥልጣን ሆኖ ከዘበኛው ጋር ቆሞ የሚጫወት፣ አንቱ የተባለ ሐኪም ሆኖ የበሽተኛዋን እናት «ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን የሚለቅ፣ ትሑት ይባላል። ይህ ሰው አፉን ሞልቶ ተናጋሪ፣ ሳቂታ፣ ተጫዋች ሊሆን ይችላል። ዓይን አፋሩ ግን ራሱን ዝቅ አላደረገም። አንዳንዴ እንዲያውም ራሱን አብዝቶ ያስባል፤ ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየው ብሎ ይጨነቃል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ዓይን አፋሮች ሰው እነሱ የሚያስቡትን ያህል እያያቸው እንዳልሆነ ቢያውቁ ብዙ ሸክም ይቀልላቸዋል ብዬ ነው።

ይሉኝታ ደግሞ በራሱ ድንቅ ቃል ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው ስም የሆነው። «ምን ይሉኛል?» ከሚለው ነው የወጣው። እንግዳ ሆነህ ሄደህ እየራበህ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ስትል፣ ባለቤቷም ይህን አውቃ «በሞቴ» እያለች ስታጎርስህ፣ መሃል ያለው ይሉኝታ ነው። ዓይን አፋርነት በዓይን ነው የሚመጣው፤ ይሉኝታ በአፍ ነው፣ በሰው አፍ። ዓይን አፋሩ አሁን እያዩት ስላሉት ሰዎች ነው የሚጨነቀው፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ነገ ስለሚወራው። ለዚህ ነው በጣም ደፋርና ተናጋሪ ሰው በይሉኝታ ታስሮ የማይፈልገውን ዋስትና ፈርሞ የሚገኘው።

የከተማ ልጆች ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አላቸው፤ «ሼም»። «ሼም ያዘኝ» ይላሉ፤ «ሼም የለውም» ይላሉ። ሀፍረትም፣ ይሉኝታም፣ ዓይን አፋርነትም እዚያው ውስጥ ናቸው። ቃሉን አልጠላውም፣ እኔም እለዋለሁ። ግን ሼም ብሎ ለማለፍ ሲቀል ምን እንደያዘን ለራሳችን እንኳ መለየት እያቃተን ይመስለኛል።

አዳማ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችን በሁለት ቋንቋ ነው የምናፍረው። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጓደኞቼ ሰው ፊት ማፈርን «ሳልፊ» ይሉታል። «ሳፉ» የሚል ሌላ ቃል ግን አላቸው፤ እሱ ከፍ ያለ ነው። ታላቅና ታናሽ፣ ወላጅና ልጅ፣ ሰውና ተፈጥሮ እንዴት መከባበር እንዳለባቸው የሚናገር የኦሮሞ የሥነ ምግባር ሐሳብ ነው። የማይባል ነገር የተናገረ ሰው ካለ አዛውንቶች «ሳፉ!» ይላሉ። ሳፉን የሚጠብቅ ሰው ዓይን አፋር ነው አይባልም፤ ልኩን የሚያውቅ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም «ሐያእ» የሚሉት ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። «ሐያእ የእምነት ቅርንጫፍ ነው» የሚለውን የነቢዩን ንግግር ያልሰማ የለም። እሱም ፈጣሪንና ሰውን አክብሮ ከመጥፎ ነገር መቆጠብ ነው። ሰው ሐያእ አለው ሲባል ሲመሰገን ነው። ወራጅ አለ ማለት ያቃታትን ልጅ ግን ማንም ሐያእ ስላላት ነው ብሎ ሊያጽናናት አይገባም።

የምናደርገው ግን እሱኑ ነው። የእህቴ ልጅ አራተኛ ክፍል ሳለች ካርዷ ላይ «ጭምትና ሥርዓት ያላት ተማሪ» ተብሎ ተጻፈላት። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው። እናቷ ካርዱን ለአያቷ ወስዳ አሳየች። በኋላ ነው ያወቅነው፤ በዚያ ዓመት ልጅቷ ጠዋት ውሃ አትጠጣም ነበር። ሽንት ቤት ልሂድ ብላ እጅ ማውጣት ስለምታፍር፣ በአዳማ ሙቀት፣ ሳትጠጣ ትውላለች። ራሷን ያማታል፤ ቤት ስትደርስ ማሰሮ ሙሉ ትጠጣለች። እኛ ግን ጭምት ናት ብለን ተደስተን ነበር። መምህሩን አልወቅስም፤ እኔም ያን ቃል ሳነብ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ግን አንድ ቃል በስህተት ሲሰጥ ምን ሊሸፍን እንደሚችል ያየሁት ያኔ ነው።

ወንድ ልጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሴቷን ዓይን አፋር ስንል እናመሰግናታለን፤ ወንዱን ዓይን አፋር ስንል እናሾፍበታለን። ጓደኞቹ «ፋራ» ይሉታል። እኔ ሁለቱም ይጎዳሉ ባይ ነኝ፤ የሴቷ ግን ይብሳል፤ በምስጋና ተጠቅልሎ ስለሚመጣ። ልጅቷ ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ «እሺ ማለቷ ነው» ተባለ። አፍራ ዝም ማለቷና ተስማምታ ዝም ማለቷ በምን ተለየ? ያን ያህል የሚከብድ ነገር በዝምታ ላይ መወሰን የለበትም። ደግማችሁ ጠይቋት። ብቻዋን፣ ዓይን ሳይበዛባት ጠይቋት።

ተረቶቻችንም በዚህ ላይ አንድ ቃል አይደሉም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ጭምቱን ይደግፋል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ደግሞ ዓይን አፋሩን ይቀሰቅሳል፤ የሚገባህንም ካልጠየቅክ አታገኝም ነው የሚለው። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ግን እኔ የማልወደው ተረት ነው። ዝም ያለውን ሰው ሁሉ ተንኮለኛ ያደርገዋል። ይህን ተረት እየሰማ ያደገ ዓይን አፋር ልጅ በዝምታው ላይ ጥርጣሬ ይጨመርበታል። ስለ ሕመም ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሐኪም ፊት አፍሮ የሆድ ሕመም ነው ብሎ የሚመለስ ሰው ስንት እንዳለ የጤና ባለሙያዎችን መጠየቅ ይበቃል።

ወላጆች ብዙ ጊዜ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ይላሉ። ጀሮም ኬጋን የሚባል የሃርቫርድ ምሁር የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ነገር እያሳየ፣ አዲስ ድምፅ እያሰማ አጥንቷል። ከአምስቱ አንዱ ገደማ አዲስ ነገር ሲያይ እጅና እግሩን እያወራጨ ያለቅሳል። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ ከሌሎቹ ይልቅ ዓይን አፋር የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነበር፤ ግን ሁሉም አልሆኑም። እንግዲህ አመሉ ከሕፃንነት ይመጣል፤ መጨረሻው ግን አልተጻፈም። ብቻዬን ነኝ ለሚል ዓይን አፋር ደግሞ ሌላ አለ። ፊሊፕ ዚምባርዶ የተባለ የስታንፎርድ የሥነ ልቦና ምሁር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ዓይን አፋር ነኝ ብለዋል። ደፋሮች ናቸው የምንላቸው አሜሪካውያን ናቸው እንዲህ ያሉት።

አማርኛ ያልለየውም አንድ ነገር አለ። ብቻውን መሆን የሚወድ ሰውና ዓይን አፋር ሰው አንድ አይደሉም። ካርል ዩንግ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ወደ ውስጥ የሚያዘነብሉና ወደ ውጭ የሚያዘነብሉ ሰዎች ብሎ ከፍሏቸዋል። ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው ሰው ሰርግ ሄዶ ቢደክመው እንጂ አያፍርም፤ ብቻውን መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ይታደሳል። ዓይን አፋሩ ግን ሰርጉን ይፈልገዋል፤ ጨፍሩ ሲባል ልቡ ይጨፍራል፣ እግሩ እምቢ ይላል። አንደኛውን ተውት፣ ደህና ነው። ሁለተኛውን እጁን ያዙት፤ ግን አትጎትቱት።

ከዚህም ያለፈ አለ። ከሰው ጋር መብላት፣ ስልክ ማንሳት፣ ሰው እያየ መፈረም እስኪያቅት፣ ትምህርት ወይም ሥራ እስከማስተው የደረሰ ሀፍረት የጤና ጉዳይ ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት ይባላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 (እ.ኤ.አ.) የሕመሞች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ባለሙያ ማየት አለበት። በንግግር ሕክምና ይሻሻላል፤ አንዳንዴም መድኃኒት ይታከልበታል። እኛ ግን ይህንንም ዓይን አፋር ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ሰውየውም አመሌ ነው ብሎ ይኖራል።

የእህቴን ልጅ በተመለከተ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ ሰው ፊት «ዓይን አፋር ናት» ማለቱን ተውን። ልጅ የሚሰማውን ስም ይለብሰዋልና። እናቷ መምህሩን ለብቻው አነጋገረችው፤ እጅ ሳታወጣ ወጥታ እንድትመለስ ተስማሙ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ እኔ ጎኗ ተቀምጬ መጀመሪያ አብረን «ወራጅ አለ» አልን። ከዚያ እሷ በሹክሹክታ፣ እኔ ጮክ ብዬ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አሁንም የማታውቀው ሰው ሲበዛ ጉሮሮዋ ይያዛል። ውሃዋን ግን ትጠጣለች።

እንግዳዋ ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጥታ ነበር። እናቴ በዚህ ጊዜ ቃሏን መርጣ ነው የመለሰችላት።

«አባቱ ጭምት ነበሩ። እሱ ዓይን አፋር ነው። እኛ ቤት ሲመጣ ወሬው አያልቅም፤ የማያውቀው ሰው ፊት ላብ ያጠምቀዋል። ሲዋሽ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

እንግዳዋ ትንሽ ዝም አለች።

«የእኛዋም እኮ እንደዚሁ ናት» አለችና በረካውን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።